ለዓሦቹ እንደምን አመሻችሁ

ሥራሽ ምንድነው ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው «ዓሣ አታልላለሁ» ብዬ እመልሳለሁ። የሚስቅ ይስቃል፤ እኔ ግን እውነቴን ነው። ከዋሽንግተን ወንዝ ማዶ ባለችው አሌክሳንድርያ ውስጥ፣ ከባቡር ሐዲዱ ጀርባ ከተደረደሩት መጋዘኖች በአንዱ፣ መስኮት የሌለው ክፍል አለ። ክፍሉ መካከል ስድስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የሚከበው ክብ ገንዳ ተቀምጧል። በአቅራቢያችን ባሕር የለም፣ ገንዳው ውስጥ ግን የባሕር ዓሦች ይዋኛሉ። ጨዉ በከረጢት ይመጣልናል፤ ሞገዱ የፓምፕ ነው፤ ፀሐይዋም ከጣሪያ የተንጠለጠለች መብራት ናት። ወራቱን የምቀያይረው እኔ ነኝ። ውጭ ሐምሌ ሆኖ ሰው ከመኪናው እስከ ሱቅ በር እስኪደርስ በላብ ሲጠመቅ፣ እኔ ክፍል ውስጥ ጥር ይሆናል፤ ሹራብ ደርቤ እገባለሁ።

ይህ ሁሉ ድካም ዓሦቹ እንቁላል እንዲጥሉ ነው። ጥቁር ባስ ይሏቸዋል፤ የአትላንቲክ ልጆች ናቸው፣ አፋቸው ሰፊ፣ ፊታቸው ኮስታራ። የባሕር ዓሣን ገንዳ ውስጥ ማኖር ያን ያህል አይከብድም። ይበላል፣ ይወፍራል፣ ሰው ሲያይ ምግብ የመጣ መስሎት አፉን ይከፍታል። ችግሩ መውለዱ ላይ ነው። ሴቷ እንቁላሏን ሆዷ ውስጥ ትጀምራለች፣ እስከ አንድ ደረጃም ታደርሳለች፤ ከዚያ የሆነ ነገር ጎደለኝ ብላ ቀጥ ትላለች። ምን እንደጎደላት አፍ አውጥታ አትናገር። ጥልቀቱ ይሁን፣ ጉዞው ይሁን፣ ብርዱ ይሁን፣ እንገምታለን። የምንችለውን እናሟላለን፤ ቀኑን በመብራት እናሳጥራለን፣ ውኃውን እናቀዘቅዛለን፣ ከዚያ ቀስ እያልን ቀኑን አስረዝመን ውኃውን እናሞቃለን። የብርዱ ወራት አልፎ ጸደይ ገባ ብላ እንድታምን ነው። እንቁላሉ በቂ ሲሆን የሩዝ ፍሬ የምታህል ሆርሞን ከቆዳዋ ሥር እናስቀምጣለን፤ የመጨረሻዋን ደረጃ በእሷ ትወጣለች።

አዲስ አበባ ባዮሎጂ ተምሬ ነበር። አሜሪካ ስገባ ዲግሪዬ ሻንጣ ውስጥ ቀረ፤ እኔ ደግሞ ዋሽንግተን መሀል፣ ከአንድ ሕንፃ ሥር ባለ የፓርኪንግ ሳጥን ውስጥ ተቀመጥኩ። ስምንት ዓመት ቲኬት ስቀበል ኖርኩ። ዓሣ ቤት በምንለው በዚህ እርባታ የተቀጠርኩት ማጣሪያ አጣቢ ሆኜ ነው። እያጠብኩ ሳይ፣ እያየሁ ስጠይቅ፣ አለቃዬ አንድ ቀን ማይክሮስኮፕ ፊት አስቀመጠችኝና እንቁላል መለካት አስተማረችኝ። በኋላም የወላጆቹን ገንዳ ሰጠችኝ፤ አሥራ አንድ ሴት፣ ሦስት ወንድ። አለቃዬ ከሜይን የመጣች፣ ንግግሯ ቁጥብ፣ ቦት ጫማዋን ለስብሰባ እንኳ የማታወልቅ ሴት ናት። ገንዳውን ስታስረክበኝ፣ «እስከ ነሐሴ መጨረሻ፣ እስከ ሌበር ዴይ፣ እንቁላል ካልሰጡ ክፍሉን ለሽሪምፕ አደርገዋለሁ፤ ዓሦቹ ለሬስቶራንት ይሸጣሉ» አለችኝ። ስለ እኔ ምንም አላለችም። ሽሪምፕ ማርባት የሚያውቅ ሰው ግን በእጇ ነበራት። ስለዚህ እነሱ ወደ መጥበሻ፣ እኔ ወደ ፓርኪንግ ሳጥኔ ማለት ነበር።

አክስቴ ዓሣ ቤት የገቡት በአጋጣሚ ነው። ከወንዙ ማዶ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ አረጋውያን በሚኖሩበት ሕንፃ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። እናቴ ሳልጠናላት ስለሞተች ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፤ እትዬ ነው የምላቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ታይፒስት ነበሩ፤ ዛሬም ጠረጴዛ አጠገብ ሲቀመጡ ጣቶቻቸው ሥራ ይፈልጋሉ። አንድ ረቡዕ ከሐኪም ቤት ላመጣቸው ሄጄ ሥራ የምገባበት ሰዓት ደረሰና በዚያው ይዣቸው የወንዙን ድልድይ ተሻግሬ ዓሣ ቤት ገባሁ። ገንዳው አጠገብ ቆሙና ግራ ቀኙን ቃኙ።

«ባሕሩ የታለ?» አሉኝ።

«ያው ነው እትዬ። በከረጢት መጥቶልን ነው።»

«በከረጢት!» አሉና ጣታቸውን ነከር አድርገው ቀመሱት። «እውነትም ጨው ነው። አሜሪካ የማይሠራው የለም።»

በዚያው ለመዱ። ረቡዕ፣ ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ስለምሠራ አብረውኝ ይመጡ ጀመር። በር አጠገብ ወንበር አደረግኩላቸው፤ ጃኬታቸውን ለብሰው፣ የጸሎት መጽሐፋቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ይቀመጣሉ። የክፍሉ መብራት ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ በራሱ እየደበዘዘ ይጠፋል፤ ጥር ነዋ። እኔ ያኔ ወደ ኋላው ክፍል ሄጄ ማጣሪያዎቹን አጥባለሁ፤ ሥራው አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ስመለስ እትዬን በጨለማው ውስጥ ጸጥ ብለው አገኛቸዋለሁ። እንዴት ታጋሽ ናቸው እያልኩ በልቤ አመሰግናቸው ነበር።

ስለ ዓሦቹ የማይጠይቁት ነገር አልነበረም። አንድ ቀን ትልቋን፣ የምመካባትን ሴት፣ ማደንዘዣ ካለበት ውኃ አውጥቼ በቀጭን ቱቦ እንቁላል ልቀዳ ሆዷን ዳበስ ሳደርግ፣ የወጣው እንቁላል ሳይሆን የወንድ ዘር ሆነ። ጥቁር ባስ እንዲህ ናቸው፤ አብዛኞቹ በሴትነት ይጀምራሉ፣ ሲያድጉ አንዳንዶቹ ወንድ ይሆናሉ። ባሕር ውስጥ ምንም አይደለም፤ ገንዳ ውስጥ ግን አንዲት እናት ጎደለች ማለት ነው። ሆድ ባሰኝ። ለእትዬ ሳስረዳቸው ገንዳውን በሐዘኔታ አዩት።

«ምን ታድርግ» አሉ። «የሴት ሥራ በዝቶባት ነው። እኔም ምርጫ ቢሰጠኝ በአርባ ዓመቴ ገደማ አስብበት ነበር።»

እየሳቅኩ ቱቦው ከእጄ አመለጠኝ።

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። በየሁለት ሳምንቱ ከሴቶቹ እንቁላል እየቀዳሁ እለካለሁ፤ ቀኑ ካጠረ በኋላ እንቁላሉ ማደግ ነበረበት። አላደገም። በመጀመሪያው ወር ቆይ ብዬ ታገሥኩ። በሁለተኛው ወር ሌሊቱን ሳልተኛ ባድር እንኳ መልሱ ያው ነበር፤ ማይክሮስኮፑ ሥር ያለው ነገር የሰናፍጭ ፍሬ ለመሆን ያልወሰነ አቧራ ነው የሚመስለው። ምግብ ቀየርኩ፤ ስኩዊድ ጨመርኩላቸው። የውኃውን ብርድ ደጋግሜ ለካሁ። ምንም።

አለቃዬ አንድ ሰኞ ጠዋት ላፕቶፗን ይዛ መጣች። ገንዳው ጠርዝ ላይ ጣት የምታህል ብርሃን የምትመዘግብ መሣሪያ አለች፤ ማንም ትዝ የማይለው። የመዘገበችውን አውጥታ አሳየችኝ። መስመሩ አሥር ሰዓት ላይ ዝቅ ይልና ጨለማ ይሆናል። ከዚያ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ጨለማው ከገባ በኋላ፣ መስመሩ ተመልሶ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ይወርዳል።

«ዓሦቹ ጥር ነው ሲሉ አንድ ሰው ነሐሴ ነው እያላቸው ነው» አለች። «ማነው መብራት የሚያበራው?»

«እኔ አይደለሁም!» አልኩ። እውነቴን ነበር። ደሜ ግን ፈላ። እኔ ስቆጣ ማሰቢያዬ ይዘጋል፤ ይህን እትዬም ያውቃሉ፣ ድፍን ሲልቨር ስፕሪንግም ያውቃል። ዐይኔን በጨው አጥቤ የሕንፃውን ኤሌክትሪሻን ጠራሁና መብራቱን በሰዓቱ እንዲያጠፋ የገጠምክልኝ ታይመር የተበላሸ ነው ብዬ ጮህኩበት። ሰውየው ቀየረልኝ። በሚቀጥለው ሳምንት መስመሩ ያንኑ ሲያሳይ እንደገና ጠርቼ እንደገና ጮህኩ። እሱም እንደገና ቀየረልኝ። ረቡዕ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ። ቀኖቹ ፊቴ ላይ ተጽፈው ነበር፤ ታይመር ቀን መርጦ እንደማይበላሽ ልብ ብል በደረስኩበት። ሰው ግን ያሳደገውን ሰው አይጠረጥርም።

ሌበር ዴይ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ቅዳሜ፣ ማጣሪያ ላጥብ ሄጄ ብሩሹን ረስቼ ተመለስኩ። ከበሩ ሥር ብርሃን ይታያል። ቀስ ብዬ ከፈትኩት። ለጽዳት ብቻ የምንጠቀምበት ትልቁ መብራት ቦግ ብሎ በርቷል። እትዬ ከገንዳው አጠገብ ቆመዋል፤ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ትንሽ ጎንበስ ብለው፣ ቤት ሞልቶ ለተቀመጠ እንግዳ እንደሚባለው፦

«እንደምን አመሻችሁ» አሉ።

አሥራ አራቱም ዓሦች ወደ እሳቸው ዞረው አፋቸውን ከፈቱ።

ዛሬ ሳስበው በሳቅ እፈርሳለሁ። ያን ቀን ግን የታየኝ የፓርኪንግ ሳጥኑ ብቻ ነበር።

«እትዬ! ምን እየሠሩ ነው? ገደሉኝ እኮ!»

ደነገጡ። «መሽቷል እኮ ልጄ። መብራት ሳይበራላቸው፣ ሰው እንደምን አመሻችሁ ሳይላቸው ዝም ብለው ይቀመጡ?»

«ማን ይንኩ አለዎት? ለእርስዎ ጨዋታ ነው፣ ለእኔ እንጀራዬ ነው!»

ይህን ያህል ድምፄን ከፍ አድርጌባቸው አላውቅም። እትዬ ወደ ማብሪያው ሄደው መብራቱን አጠፉ፤ ወንበራቸውን በጨለማ ዳብሰው ተቀመጡ። ለካ በየጊዜው እንዲህ ነበር የሚያደርጉት፤ አብርተው፣ ሰላም ብለው፣ ጸሎታቸውን አድርሰው፣ እኔ ውኃውን ስዘጋ ሲሰሙ መብራት በከንቱ እንዳይበራ ብለው ያጠፋሉ። ቁጠባቸው ነው ያታለለኝ። ድልድዩን ስንሻገር አላናገሩኝም። ሕንፃቸው በር ላይ ሲወርዱ፣ «እግዜር ይስጥሽ» አሉኝ፤ ለታክሲ ሹፌር እንደሚባለው።

እሑድ ስልኬን አላነሱም። ሰኞም፣ ማክሰኞም አላነሱም። ኩርፊያቸውን አውቀዋለሁ፤ ድምፅ የለውም፣ ግን ቤቱን ይሞላዋል። እኔም መጀመሪያ ልክ ነኝ ብዬ ደረቅኩ። በኋላ ግን አንድ ነገር ይከነክነኝ ጀመር። መብራቱ በራሱ ይጠፋል ብዬ ነግሬያቸዋለሁ። ማብራት ክልክል ነው ብዬ ግን አንድ ቀን እንኳ አልነገርኳቸውም። ለምን እንደሚጠፋም አላስረዳኋቸውም። ስለ ዓሣ ሁሉን ነገር ስንጠያየቅ፣ ዋናውን ማታለል ሳልነግራቸው ቀርቻለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ይህን ማመን ታይመር ከማስቀየር ይከብዳል።

ረቡዕ ጠዋት ስድስተኛ ፎቅ ወጣሁ። ኮሪደሩ ጨለማ ነበር፤ ስራመድ ከላይ ያሉት መብራቶች አንድ በአንድ እየበሩ ተከተሉኝ። በሩን ከፈቱልኝ፤ ፊታቸው ቅጭም ብሏል። ጉልበታቸውን ልስም ዝቅ ስል ትከሻዬን ይዘው አነሡኝ።

«ይቅር ይበሉኝ እትዬ። ባለጌ ሆንኩብዎት።»

«ተቀመጪ» አሉ። «ጎረቤት ይሰማል።»

በማይክሮስኮፕ ያነሣሁትን የእንቁላል ፎቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁና ሁሉን ነገርኳቸው። ዓሣ ቀን መቁጠሪያ የለውም፤ ወሩን የሚያውቀው በቀኑ ርዝመት ነው። ቀኑ ሲያጥር እንቁላል መሥራት ይጀምራል። ጨለማው መሀል መብራት ከበራ ግን ቀኑ ያላለቀ ይመስለዋል፤ ገና ነው ብሎ ይተወዋል። እትዬ ፎቶውን ከዐይናቸው አራቁት፣ አቀረቡት።

«እና እኔ ነኝ በጋውን ያስረዘምኩባቸው?»

«አያውቁም ነበር።»

«አንቺስ እስከ መቼ ነው የተሰጠሽ?»

«እስከ ሌበር ዴይ።»

እጃቸው አፋቸው ላይ ሄደ። ከዚያ ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ መለሱት።

«ልጅ ሆኜ፣ ቤታችን ኩራዝ የማበራው እኔ ነበርኩ። የቤቱ ሰው ሁሉ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። እኔ ክብሪቱን ጫር አድርጌ ብርሃን ሲሆን፣ አንዱ ለአንዱ እንደምን አመሻችሁ ይባባላል፤ ሁሉም እግዚአብሔር ይመስገን ይላል። ያን ጊዜ ነው ቀኑ በደህና ያለቀው የሚመስለኝ። እዚህ መብራቱ በራሱ ይበራል፤ አይተሽው የለ ኮሪደሩን? ማንን እንደምን አመሸህ ልበል፣ ቴሌቪዥኑን? አንቺ ዘንድ ስመጣ አሥራ አራት ነፍስ በአንድ ቤት አገኘሁ።»

«ግን እኮ አይመልሱልዎትም።»

«ባይመልሱስ» አሉ። «አፋቸውን ይከፍታሉ።»

አንጀቴን በሉኝ። ከእሳቸው ቤት ሁለት መንገድ ራቅ ብዬ እኖራለሁ፤ በስልክ በየቀኑ እደውላለሁ፣ ግን ምሳ በምበላበት ሰዓት፣ ለእኔ በሚመቸኝ ሰዓት ነው። ሲመሽ ደውዬላቸው አላውቅም። ይህን ሳስብ አፈርኩ፤ አልቅሼም ነበር፣ እሳቸው ግን «አሁን ማልቀስ ምን ይሠራል፣ አለቃሽን ምን እንደምትያት አስቢ» ብለው አስቆሙኝ።

በማግስቱ ለአለቃዬ እንዳለ ተናገርኩ፤ ሳላስፈቅድ ሰው ማስገባቴንም፣ ኤሌክትሪሻኑ ላይ መጮኼንም፣ ሰላምታውንም። ክንዷን አጣጥፋ ሰማችኝ። ስጨርስ የጠየቀችው የጠበቅኩትን አልነበረም።

«በየቀኑ፣ ልክ ሲመሽ ነው የሚባለው?»

«መብራት ሲበራ።»

«እና አንድ ቀን አይረሱም?»

«እትዬ? በጭራሽ።»

ስልኳን ከጠረጴዛዋ አነሣች። «ለሽሪምፑ ሰዎች ቆዩ እላቸዋለሁ» አለች። «ከዜሮ ጀምሪ። የኅዳሩ ታንክስጊቪንግ የመጨረሻው ነው። አክስትሽ ደግሞ ይምጡ። መምሸቱን እንዲህ የሚከታተል ሰው ቀጥሬ አላውቅም፤ ጨለማውን ይጠብቁልኝ። አንዴ ከበራ ግን ሁለታችሁንም አላውቃችሁም።»

ከቢሮዋ እንደወጣሁ ኤሌክትሪሻኑን ፈልጌ ይቅርታ ጠየቅኩት። «ሦስተኛ ታይመር መኪናዬ ውስጥ አዘጋጅቼ ነበር» አለኝ።

ጨለማ ውስጥ ለመሥራት ግንባር ላይ የምትታሰር ቀይ መብራት አለችን፤ ዓሦቹ ቀይ ብርሃን እምብዛም አያዩም። ለእትዬ አንዷን ሰጠኋቸው።

«ቀይ መብራት!» አሉ ገልብጠው እያዩዋት። «በስተርጅና ቡና ቤት ልታስከፍቺኝ ነው?» ቢሆንም አሰሩዋት። አሥር ሰዓት ሲሆን የጣሪያው ፀሐይ ደብዝዛ ጠፋች። ጨለማው ውስጥ ቀይዋ ነጥብ ቦግ አለች፤ ድምፃቸው በጣም ዝቅ ብሎ፣ «እንደምን አመሻችሁ» ሲል ሰማሁ። ብርሃን መዝጋቢዋ ያን ሳምንት ያሳየችው ቀጥ ያለ ጨለማ ነበር።

ታይፒስትነታቸው አልለቃቸውምና መዝገብ ካልያዝኩ አሉ። በር ላይ በክር ያንጠለጠሉት ደብተር እስከ ዛሬ አለኝ። ቀኑን ይጽፉና ከሥሩ በውብ የእጅ ጽሕፈት፣ «ጨለማ በሰዓቱ ገብቷል። ሰላምታ ተሰጥቷል። ሁሉም ደህና ናቸው» ይላሉ። አንዳንዴም አስተያየት ይጨምራሉ፤ «ትልቁ ወንድ ዛሬ ኮርቷል»፣ «ቡናማዋ ከስታለች፣ ልጄ ትይልኝ።» አለቃዬ አንድ ቀን ደብተሩን ይዛ ተርጉሚልኝ አለችኝ። ስተረጉምላት ሳትስቅ አዳመጠች፤ ከዚያ በኋላ የገንዳው ሪፖርት ላይ «ሰላምታ» የሚል ዓምድ ጨመረች።

እኔም የራሴን ጀመርኩ። ዓሣ ቤት በማይመጡባቸው ቀናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ የትም ብሆን ስልኬን አነሣለሁ። «እትዬ፣ መብራት አበሩ? እንደምን አመሹ?» «እግዚአብሔር ይመስገን» ይሉኛል። ሌላ ነገር ባንነጋገርም ይበቃናል።

እንቁላሉ አደገ። መስከረም መጨረሻ ላይ ማይክሮስኮፑ ሥር ያየሁት ክብ፣ የጠራ፣ ሙሉ ነገር ነበር፤ በጥቅምት የምንፈልገው ልክ ደረሰ። ውኃውን እያሞቅን ቀኑን ማስረዘም ጀመርን። ውጭ ቅጠል እየረገፈ ሰው ጃኬት ሲያወጣ፣ እትዬ ክፍል ውስጥ ጃኬታቸውን ያወልቁ ጀመር። ትልቁ ወንድ ግንባሩ ላይ ደማቅ ሰማያዊ እብጠት አወጣ፤ ጥቁር ባስ ለሠርጉ እንዲህ ያጌጣል። «ሙሽራው ኮፍያ ደፋ» ብለው እትዬ በስልክ ለማን ለማን እንዳወሩ አላውቅም፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የማላውቃቸው ሴቶች ስለ ሙሽራው ይጠይቁኝ ነበር። ከበሰሉት ሴቶች ለስድስቱ የሩዝ ፍሬዋን ሆርሞን አስቀመጥኩላቸው። ከዚያ በኋላ የሚደረግ ነገር የለም፤ መጠበቅ ነው።

አንድ ቀን አለፈ። ሁለት ቀን አለፈ። የታንክስጊቪንግ ሳምንት ገባ። ሽሪምፑን የሚያረባው ሰው ክፍሉን በሜትር ሊለካ መጣ፤ እትዬ በር ላይ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ በአማርኛ «አሁን አይገባም» አሉት። አንዲት ቃል ሳይገባው ተመልሶ ሄደ።

ረቡዕ ነው። የጣሪያው ፀሐይ መደብዘዝ ጀመረች፤ ገንዳው ውስጥ አሁን ግንቦት ስለሆነ ምሽቱ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። እትዬ ቀይዋን መብራት አሰሩ፣ ተነሡ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እንደምን አመሻ…» ብለው ቆሙ።

«ነይ እስቲ» አሉኝ በሹክሹክታ። «አመማቸው መሰለኝ።»

ሮጥኩ። ወንዱ አንዷን ሴት በጎኗ እየገፋ ይዞራል፤ ሌሎቹ ከኋላ ከኋላ ይከተላሉ፤ አንዴ ወደ ላይ ተተኩሰው ውኃውን ይመቱትና ተመልሰው ይወርዳሉ። ዓሦቹ አላመማቸውም፤ እንቁላል እየጣሉ ነው። ይህን ነገር ሲያወሩት ሰምቼ እንጂ በዐይኔ አይቼው አላውቅም ነበር። የእትዬን እጅ ይዤ ቆምኩ።

ገንዳው ከሚፈስበት ቧንቧ ሥር እንቁላል የሚይዝ መረብ አለ። ለአለቃዬ ደወልኩላት፤ ከቤቷ በርራ መጣች። የተጠራቀመውን ወደ ብርሃን አውጥተን ረጅም የመስታወት ሲሊንደር ውስጥ ገለበጥነው። ጥሩ እንቁላል ይንሳፈፋል፤ የሞተ እንቁላል ነጥቶ ይሰምጣል። አሥር ደቂቃ መታገሥ ነው። ሦስታችን መስታወቱን ከብበን ቆምን፤ ሁሉም ነገር ውኃው ውስጥ ይሽከረከራል። ጥቂት ነጭ ነገር ወደ ታች ወረደ፤ ዐይኔን ጨፈንኩ።

«ክፈቺው» አሉኝ እትዬ። «ወጥተዋል።»

ከፈትኩት። ከሲሊንደሩ አፍ ሥር ሦስት ጣት የሚያህል፣ እንደ መስታወት የጠራ የእንቁላል ንብርብር ተንሳፍፏል። አለቃዬ ቦት ጫማዋን እንደለበሰች መሬቱ ላይ ቁጭ አለች። እኔ እልል አልኩ፤ ከዚያ ጨለማ ክፍሉ ውስጥ ያሉት እንዳይደነግጡ ብዬ በራሴ እጅ አፌን ያዝኩ። እትዬ ደብተራቸውን አንሥተው ጻፉ። ኋላ ሳየው፣ «ጨለማ በሰዓቱ ገብቷል። ሰላምታው ግማሽ ላይ ተቋርጧል፤ ሥራ ይዘው ነበር» ይላል።

ሽሪምፑ ሌላ ቦታ ተፈለገለት።

ጫጩቶቹ ከሁለት ቀን በኋላ ተፈለፈሉ፤ የዐይን ሽፋሽፍት ያህል ናቸው። ሲወለዱ ዐይናቸው ገና አልጠቆረም፣ አፋቸውም አልተከፈተም፤ ሆዳቸው ላይ በተሸከሙት አስኳል ይኖራሉ፣ ስለዚህ በጨለማ እናቆያቸዋለን። ዐይንና አፍ ያወጡ ቀን ግን ምግባቸውን ማየት አለባቸው። ያን ቀን መብራት ይበራላቸዋል፤ ካልበራ ይራባሉ።

ቀኑ ማክሰኞ ነበር፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፤ እትዬም ይህ እንዳያልፋቸው አብረውኝ መጥተዋል። አለቃዬ በማይክሮስኮፕ አየችና ዐይናቸው ጠቁሯል አለች። ማብሪያው ግድግዳው ላይ ነው። እጄን ዘረጋሁ፤ አለቃዬ ክንዴን ያዘችኝና ወደ እትዬ አመለከተች።

«እሳቸው» አለች።

ተረጎምኩላቸው። እትዬ መጀመሪያ አላመኑም፤ እጃቸውን ወደ ማብሪያው ሰደዱ፣ መለሱት፣ እኔን አዩኝ። «ይበራ? እርግጠኛ ነሽ?» አሉ።

«ይብራ እትዬ። እየጠበቁዎት ነው።»

ነጠላቸውን አስተካከሉ። ቀጭ አደረጉት። ውኃው አበራ፣ ውስጡም በሺህ በሚቆጠሩ ጥቃቅን ጥቁር ዐይኖች ተሞልቶ ታየ። ጠዋት መሆኑን ረስተውት ይሁን አውቀው አላውቅም።

«እንደምን አመሻችሁ» አሉ።

አለቃዬ ቃሉን ከእኔ ተምራ ስትለማመድ ከርማ ኖሯል። እየተንተባተበች፣ ከእኔ ቀድማ መለሰችላቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን።»